ክሪያቲንን በአግባቡ ለመጠቀም፦ በሀዋሳ ብረት ለሚያነሱ የተዘጋጀ መመሪያ

በሀዋሳ ጂም ገብቶ ብረት ማንሳት የጀመረ ሰው ስለ ክሪያቲን ሁለት ተቃራኒ ወሬዎችን መስማቱ አይቀርም። አንደኛው ዱቄቱ ኩላሊት ይጨርሳል የሚል ሲሆን ሁለተኛው በአንድ ወር ውስጥ ደረትና ክንድ ያወጣል የሚል ነው። ሁለቱም ከእውነቱ የራቁ ናቸው። ክሪያቲን ከስፖርት ሰፕሊመንቶች (ከምግብ በተጨማሪ ከሚወሰዱ ነገሮች) ሁሉ በብዛት ከተጠኑት አንዱ ነው፤ ጤናማ የሆነ አዋቂ ሰው በተመከረው መጠን ሲወስደው ኩላሊቱን እንደማይጎዳ በተደጋጋሚ ታይቷል፤ ጥቅሙም እውነተኛ፣ ነገር ግን መጠነኛ ነው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው፤ ከሌሎች እርምጃዎች በኋላ መምጣት የነበረበትን ግዢ መጀመሪያ ላይ ያደርገዋል። በዚህ መመሪያ ውስጥ ግዢው አራተኛው እርምጃ ላይ የተቀመጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

ክሪያቲን ምን ይሠራል?

ክሪያቲን ለሰውነታችን እንግዳ ነገር አይደለም። ኩላሊትና ጉበት ከሦስት አሚኖ አሲዶች በቀን 1 ግራም ያህል ያመርታሉ፤ ሥጋና ዓሣ የሚበላ ሰው ደግሞ ከምግቡ ተጨማሪ 1 ግራም ገደማ ያገኛል። ከጠቅላላው 95 በመቶ የሚሆነው በጡንቻ ውስጥ ይቀመጣል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰውነቱ ውስጥ 120 ግራም ያህል ክሪያቲን ሲኖረው፣ ጡንቻው መያዝ የሚችለው ግን እስከ 160 ግራም ድረስ ነው። ሰፕሊመንቱ የሚሞላው ይህንን ክፍተት ነው።

ከባድ ብረት በሚነሳበት ጊዜ ጡንቻ የሚጠቀምበት ኤቲፒ የሚባለው የኃይል ምንጭ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ያልቃል። በጡንቻ ውስጥ ከፎስፌት ጋር ተጣምሮ የተከማቸው ክሪያቲን (ፎስፎክሪያቲን) ያለቀውን ኤቲፒ በፍጥነት መልሶ ይተካል፤ ይህ ሥርዓት በሙሉ ኃይሉ የሚያገለግለው ግን ለ10 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ክሪያቲን የሚረዳው እንደ ስኳት፣ ቤንች ፕሬስና ዴድሊፍት ያሉትን አጭርና ከባድ ሥራዎች በተደጋጋሚ ለሚሠራ ሰው ነው። በስምንት ድግግሞሽ ያቆም የነበረ ሰው ዘጠነኛውን ወይም አሥረኛውን ሊጨምር ይችላል፤ ያ ትርፍ ሥራ ለሳምንታት ሲጠራቀም ጥንካሬና ጡንቻ ይሆናል። በአንጻሩ ረጅም ርቀት ለሚሮጥ ሰው የሚጠቅመው ነገር ጥቂት ነው፤ እንዲያውም የሚጨምረው የውኃ ክብደት ሊጎዳው ይችላል።

የጥቅሙን መጠን በቁጥር ማየት ከተጋነነ ተስፋ ያድናል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ግምገማ 22 ጥናቶችን አሰባስቦ እንዳሳየው፣ ብረት እያነሱ ክሪያቲን የወሰዱ ሰዎች ጥንካሬ በአማካይ 20 በመቶ ሲጨምር፣ ብረት እያነሱ ክሪያቲን የሌለበትን የማስመሰያ ዱቄት የወሰዱት ደግሞ 12 በመቶ ጨምረዋል። በቤንች ፕሬስ 60 ኪሎ የሚገፋ ሰው ብናስብ፣ ልዩነቱ ወደ 67 ኪሎ በመድረስና ወደ 72 ኪሎ በመድረስ መካከል ነው ማለት ነው። ከጭማሪው የሚበልጠውን ድርሻ ያመጣው ብረቱ ራሱ መሆኑን ልብ ይበሉ።

የሚጾም ሰው ጉዳይ

ይህ ነጥብ በውጭ አገር መመሪያዎች ውስጥ ስለማይገኝና ብዙዎቻችንን በቀጥታ ስለሚመለከት ሰፋ አድርጌ ላስረዳ። ክሪያቲን በምግብ ውስጥ የሚገኘው በሥጋና በዓሣ ነው፤ በወተት ውስጥ ያለው በጣም ጥቂት ሲሆን በሽሮ፣ በምስርና በአትክልት ውስጥ ግን የለም ማለት ይቻላል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ በፍልሰታ 15 ቀን፣ በነቢያት ጾም፣ እንዲሁም በየሳምንቱ ረቡዕና ዓርብ የሚጾም የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በዓመቱ ውስጥ ረጅም ጊዜ ከምግቡ ክሪያቲን አያገኝም። ሰውነቱ የሚያመርተው ስለማይቋረጥ በዚህ ምክንያት አይታመምም፤ ነገር ግን በጡንቻው ውስጥ ያለው ክምችት ዝቅ ይላል። ሥጋ የማይበሉ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ዝቅ ካለ ክምችት የሚነሳ ሰው ከሰፕሊመንቱ የሚያገኘው ጭማሪ ሥጋ ከሚያዘወትረው ሰው ይልቅ ይበልጣል። በሌላ በኩል፣ ክምችቱ በተፈጥሮው ወደ ሙሉ የተጠጋ ሰው ምንም ለውጥ ላያይ ይችላል።

ታዲያ ከምግብ ብቻ ማግኘት አይቻልም ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ስሌት ይጠይቃል። በአንድ ኪሎ ጥሬ የበሬ ሥጋ ውስጥ ያለው ክሪያቲን 4.5 ግራም ገደማ ነው፤ በዓሣም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ክትፎም ሆነ ቁርጥ በየቀኑ በኪሎ የሚበላ ሰው የለም፤ ጤናም አይደለም። ምግብ በእሳት ሲበስል ደግሞ ከክሪያቲኑ ከፊሉ ክሪያቲኒን ወደሚባል ለጡንቻ የማይጠቅም ነገር ይለወጣል፣ ከፊሉም በውኃው ውስጥ ይወጣል፤ በዚህ ረገድ መረቁ የማይደፋበት የዓሣ ሾርባ የተሻለ ነው። ከአሞራ ገደል የሚገዛ ቆሮሶ ወይም አምባዛ ለፕሮቲኑ ሲባል እጅግ የሚመከር ምግብ ነው፤ የክሪያቲን ክምችትን ለመሙላት ግን ብቻውን አይበቃም።

የሰፕሊመንቱ ዱቄት በፋብሪካ በኬሚካል ዘዴ የሚሠራ እንጂ ከእንስሳ የሚወጣ አይደለም። በካፕሱል መልክ የሚሸጠው ግን ሽፋኑ ብዙ ጊዜ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ከሚወጣ ጄላቲን የተሠራ ስለሆነ፣ ለሚጾም ክርስቲያንም ሆነ ሐላል ለሚጠብቅ ሙስሊም የሚሻለው ዱቄቱ ነው። በጾም ወቅት ሰፕሊመንት መውሰድ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን የንስሐ አባት ወይም የሃይማኖት አስተማሪ ይመልሰዋል።

አንደኛ እርምጃ፦ ጤናዎን ያስመርምሩ

ኩላሊት ይጨርሳል የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። በጡንቻ ውስጥ ካለው ክሪያቲን በየቀኑ ከ1 እስከ 2 በመቶ የሚሆነው ክሪያቲኒን ወደሚባል ቆሻሻ ተለውጦ በኩላሊት በኩል በሽንት ይወጣል። ሐኪሞች የኩላሊትን አሠራር የሚገምቱት ይህ ክሪያቲኒን በደም ውስጥ ምን ያህል እንደሆነ በማየት ነው። ክሪያቲን የሚወስድና ጡንቻው የዳበረ ሰው ኩላሊቱ ምንም ሳይሆን ይህ ቁጥር ከፍ ሊል ይችላል፤ ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ግን ኩላሊቱ እንደደከመ ሊያስብ ይችላል። ጤናማ ሰዎች ለወራት፣ አንዳንዶቹም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ወስደው በተጠኑባቸው ሥራዎች ውስጥ ኩላሊት ላይ ጉዳት አልታየም።

ሆኖም “ጤናማ” የሚለው ቃል እዚህ ላይ ትልቅ ክብደት አለው። በአገራችን የደም ግፊትም ሆነ የስኳር ሕመም እያለባቸው ሳያውቁት የሚኖሩ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ሁለቱም ኩላሊትን ቀስ በቀስ የሚጎዱ ሕመሞች ናቸው። ስለዚህ ዱቄቱን ከመግዛትዎ በፊት በአቅራቢያዎ በሚገኝ ጤና ጣቢያ፣ ክሊኒክ ወይም ሆስፒታል የደም ግፊትዎን ይለኩ፣ የደም ስኳርዎን ይታዩ፣ የክሪያቲኒን መጠን ያስለኩ፣ በሽንትዎ ውስጥ ፕሮቲን አለመኖሩንም ያረጋግጡ። የውጤቱን ወረቀት አይጣሉት፤ ከወራት በኋላ ሌላ ምርመራ ቢያደርጉ የሚወዳደረው ከዚህ መነሻ ቁጥር ጋር ነው።

የኩላሊት ሕመም ያለበት ወይም አንድ ኩላሊት ብቻ ያለው ሰው ሐኪሙ ካልፈቀደለት በስተቀር ክሪያቲን መውሰድ የለበትም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት በራሷ ውሳኔ ባትጀምር ይሻላል። ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ወጣቶችም አልመክርም፤ በዚያ ዕድሜ ምግብ፣ እንቅልፍና ትክክለኛ አሰልጣኝ ከማንኛውም ዱቄት የበለጠ ይሠራሉ፤ በዕድሜያቸው ላይ የተደረገው ጥናትም ጥቂት ነው።

መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ከሚወስዱ ሰዎች ብዙዎቹ የሚጠቀሙበት ውሕድ ቴኖፎቪርና ዶሉቴግራቪር የተባሉትን ይዟል፤ የመጀመሪያው የኩላሊት ክትትል የሚያስፈልገው ሲሆን፣ ሁለተኛው ኩላሊትን ሳይጎዳ የክሪያቲኒንን ቁጥር ከፍ ያደርጋል። በዚህ ላይ ክሪያቲን ሲጨመር የምርመራ ውጤቱን ለማንበብ ያስቸግራል። ስለዚህ ጉዳዩን ለሚከታተልዎ ሐኪም ብቻ ይንገሩ፤ ለአሰልጣኝም ሆነ ለጂም ጓደኛ የመናገር ግዴታ የለብዎትም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን በየጂሙ እንደ ቀላል ነገር የሚታየው የሕመም ማስታገሻ ነው። ሰውነት ዛለ ተብሎ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን በየቀኑ መዋጥ፣ በተለይ ላብ በበዛበትና ውኃ ባነሰበት ጊዜ፣ ኩላሊትን በእርግጥ ሊጎዳ የሚችል ልማድ ነው። ክሪያቲንን እየፈራ ማስታገሻውን እንደ ከረሜላ የሚወስድ ሰው ፍርሃቱን ያለ ቦታው አኑሮታል።

ሁለተኛ እርምጃ፦ ሥልጠናውንና ማዕዱን ያስተካክሉ

ክሪያቲን ያለ ብረት የሚጠቅመው ነገር ጥቂት ነው። ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን የሚሠሩበት፣ ትላልቅ ጡንቻዎችን የሚነካና ክብደቱ ቀስ በቀስ የሚጨምር ፕሮግራም ይኑርዎት። ብረት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነሳ ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ያለምንም ሰፕሊመንት በፍጥነት ይጠነክራል፤ ስለዚህ በእኔ አስተያየት ጀማሪ ቢያንስ ሦስት ወር አዘውትሮ እስኪሠራ ድረስ ገንዘቡን ቢቆጥብ ይሻለዋል።

ጡንቻ ለመገንባት የሚያስፈልገው ፕሮቲን በየኪሎው ክብደት በቀን 1.6 ግራም ገደማ ነው፤ 65 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 104 ግራም ይሆናል። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ 100 ግራም ዓሣ 20 ግራም፣ 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ግራም ያህል ይሰጣል። በጾም ወቅት ይህን መጠን መሙላት ከባድ ቢሆንም ሽምብራ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ አኩሪ አተርና ኦቾሎኒ በየማዕዱ እንዲኖሩ በማድረግ መጠጋት ይቻላል። ጫት የሚቅም ሰው ደግሞ የምግብ ፍላጎቱም እንቅልፉም እንደሚቀንስ፣ የደም ግፊቱም ከፍ እንደሚል ሊያውቅ ይገባል፤ ምሳውንና እንቅልፉን ያጣ ሰው ለክሪያቲን የሚያወጣው ገንዘብ የባከነ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛ እርምጃ፦ መነሻዎን ይመዝግቡ

ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ምንም ሳይበሉ፣ በአንድ ሚዛን ክብደትዎን ይለኩ። በሦስት ዋና ዋና ሥራዎች የሚያነሱትን ክብደትና የድግግሞሹን ብዛት በደብተር ይጻፉ። ይህንን ለሁለት ሳምንት ያህል ካደረጉ በኋላ ወደ ግዢው ይሂዱ።

አራተኛ እርምጃ፦ ዱቄቱን መርጠው ይግዙ

የሚፈልጉት ክሪያቲን ሞኖሃይድሬት የሚባለውን ብቻ ነው። በሃይድሮክሎራይድ፣ በኢታይል ኤስተር ወይም “በፈር የተደረገ” በሚል ስም በውድ የሚሸጡት ዓይነቶች ከሞኖሃይድሬት መብለጣቸው አልተረጋገጠም፤ ኢታይል ኤስተር እንዲያውም አንሶ ተገኝቷል። በማሸጊያው ላይ ያለው የይዘት ዝርዝር አንድ መስመር ብቻ ሊሆን ይገባል። ከጂም በፊት የሚወሰዱት የተቀላቀሉ ዱቄቶች ብዙ ካፌይን ሊኖራቸው ይችላል፤ በውስጣቸው ያለው የክሪያቲን መጠንም ሁልጊዜ በግልጽ አይጻፍም። ስሙና ይዘቱ ያልተጻፈበትን የማወፈሪያ ኪኒን ወይም መርፌ ደግሞ ማንም ቢያቀርብልዎ አይቀበሉ፤ ክሪያቲን ስቴሮይድ አይደለም፣ ስቴሮይድም ክሪያቲን አይደለም።

ሰፕሊመንት ወደ አገራችን የሚገባው በተለያየ መንገድ ነው፤ በፋርማሲና በሱቅ የሚሸጥ አለ፣ ከውጭ በሻንጣ የሚመጣም አለ። ከየትም ይግዙት፣ ማሸጊያው ያልተከፈተ፣ በውስጥ ያለው ሽፋን ያልተቀደደ፣ የአምራቹ ስምና አገር፣ የባች ቁጥሩና የማብቂያ ቀኑ በግልጽ የታተመ መሆኑን ይዩ። ቀኑ የሚጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ ከእኛው ዓመት ጋር እንዳያምታቱት። ከትልቅ ዕቃ ተቀንሶ በፌስታል የሚሸጥን ዱቄት ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ አይግዙ። በጀርመን አገር የሚመረትና ክሪያፑር የሚል ስያሜ ያለው ጥሬ ዕቃ በንጽሕናው የታወቀ ነው፤ ስያሜው በማሸጊያው ላይ ካለ ጥሩ ምልክት ነው፣ ከሌለ ግን ዱቄቱ መጥፎ ነው ማለት አይደለም።

ዋጋን ሲያወዳድሩ የዕቃውን ትልቅነት ትተው በቀን ስንት እንደሚያወጡ ያስሉ። 300 ግራም የያዘ ዕቃ በቀን 5 ግራም ለሚወስድ ሰው 60 ቀን፣ 3 ግራም ለሚወስድ ሰው ደግሞ 100 ቀን ይቆያል።

ቤት ከደረሱ በኋላ ትንሽ ሙከራ ማድረግ ይችላሉ። አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አድርገው በደንብ ያማስሉ፤ ንጹሕ ክሪያቲን ጣዕም የለውም ማለት ይቻላል፣ ሲሟሟም ውኃው ጥርት ይላል። ወተት መስሎ ከቀረ፣ ከጣፈጠ ወይም እንደ ሙጫ ከወፈረ ሌላ ነገር ተቀላቅሎበታል። ስታርች መጨመሩን ከጠረጠሩ ደግሞ ከዱቄቱ ጥቂት ለይተው በቀዝቃዛ ውኃ ያርጥቡትና ለቁስል የሚሆን የአዮዲን ጠብታ ያድርጉበት፤ ወደ ሰማያዊ ጥቁር ከተለወጠ ስታርች አለበት። የፈተኑበትን ይድፉት። ይህ ሙከራ ግልጽ ማጭበርበርን ለመያዝ ያገለግላል እንጂ ንጽሕናን አያረጋግጥም።

በውድድር የሚሳተፍ ስፖርተኛ ከሆኑ፣ ክሪያቲን በዓለም አቀፉ ፀረ ዶፒንግ ኤጀንሲ የተከለከሉ ንጥረ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ የለም። አደጋው ያለው በፋብሪካ ውስጥ ከተከለከለ ነገር ጋር የተነካካ ዱቄት መግዛት ላይ ነው፤ በምርመራ ቢገኝ ደግሞ “አላውቅም ነበር” የሚለው መልስ ስፖርተኛውን ከተጠያቂነት አያድነውም። ስለዚህ በገለልተኛ ላቦራቶሪ ተመርምረው እንደ ኢንፎርምድ ስፖርት ያለ ማረጋገጫ ያገኙትን ብቻ ይምረጡ።

አምስተኛ እርምጃ፦ መጠኑን ይወስኑ

ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ከ5 እስከ 7 ቀን ድረስ በቀን 20 ግራም በአራት ተከፍሎ፣ ማለትም በየጊዜው 5 ግራም፣ ከተወሰደ በኋላ በየቀኑ ከ3 እስከ 5 ግራም መቀጠል ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በየቀኑ ከ3 እስከ 5 ግራም ብቻ መውሰድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በስዊድን በተደረገ ጥናት፣ ለ6 ቀን በቀን 20 ግራም የወሰዱና ለ28 ቀን በቀን 3 ግራም የወሰዱ ሰዎች የጡንቻቸው ክምችት በሁለቱም መንገድ 20 በመቶ ያህል ጨምሯል። ልዩነቱ የጊዜ ብቻ ነው።

እኔ የምመክረው ሁለተኛውን ነው። ሰው ሁሉ ለመቸኮል የሚያበቃ ምክንያት የለውም፤ 20 ግራም ሲወሰድ ሆድ መነፋትና ተቅማጥ ሊመጣ ይችላል፣ በተለይም ብዙ መጠን በአንድ ጊዜ ከተዋጠ፤ ዱቄቱም በማይጠቅም ፍጥነት ያልቃል። ቀለል ያለ ሰውነት ላለው ሰው 3 ግራም ይበቃዋል፤ ከ80 ኪሎ በላይ ለሚመዝንና ብዙ ጡንቻ ላለው 5 ግራም ይሻላል። ከዚህ በላይ ቢጨመር ጡንቻ ከሞላ በኋላ ትርፉ በሽንት ስለሚወጣ ጥቅም የለውም።

ከዕቃው ጋር የሚመጣው ማንኪያ ስንት ግራም እንደሚይዝ በማሸጊያው ላይ ያንብቡ። ማንኪያው ከጠፋ፣ በቢላ ጀርባ የተስተካከለ አንድ የሻይ ማንኪያ ከ3 እስከ 5 ግራም ገደማ ይይዛል።

ስድስተኛ እርምጃ፦ አበጣበጡና ሰዓቱ

ክሪያቲን በቀዝቃዛ ውኃ በደንብ አይሟሟም። በክፍል ሙቀት አንድ ሊትር ውኃ 14 ግራም ያህል ብቻ ሲያሟሟ፣ በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግን 34 ግራም ያሟሟል። ስለዚህ በአንድ ብርጭቆ ለብ ባለ ውኃ ወይም በሻይ በጥብጠው ወዲያው ይጠጡት፤ ከብርጭቆው ሥር የቀረ ካለ ውኃ ጨምረው ይጨልጡት። በጥብጦ ለነገ ማሳደር አይገባም፤ በተለይ ሎሚ በተጨመቀበት ውኃ ውስጥ ክሪያቲን ቀስ በቀስ ወደማይጠቅመው ክሪያቲኒን ይለወጣል። ደረቁ ዱቄት ግን በደንብ ከተከደነ ለረጅም ጊዜ አይበላሽም። በክረምት እርጥበት እንዳይገባው እርጥብ ማንኪያ አይንከሩበት።

ሰዓቱ ብዙ ለውጥ አያመጣም፤ ዋናው ቀን አለመዝለል ነው። ጂም በማይሄዱበት ቀንም ይወሰዳል። ከምግብ ጋር መውሰድ ሆድን ያቀልላል፤ ከእንጀራ፣ ከድንች ወይም ከዳቦ ጋር ሲወሰድ ጡንቻ የሚያስቀረው መጠንም ከፍ ይላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው በመጀመሪያው ማዕድ፣ በረመዳን የሚጾም ሰው ደግሞ በኢፍጣር ወይም በሱሑር ይውሰደው። ቡናን በተመለከተ፣ ብዙ ካፌይን የክሪያቲንን ጥቅም እንደሚቀንስ ያሳየ አንድ ቀደምት ጥናት ቢኖርም ከዚያ በኋላ የመጡት ውጤቶች አንድ ወጥ አይደሉም፤ ለቡና ሥነ ሥርዓት ሲባል ክሪያቲን የሚተውበት ምክንያት አይታየኝም።

ውኃን በሊትር እየቆጠሩ ራስን ማስጨነቅ አያስፈልግም። በሀዋሳ የቀን ሙቀት የሚሠራ ሰው ከሥልጠና በፊትና በኋላ ጠጥቶ፣ የሽንቱ ቀለም ፈዛዛ ቢጫ ሆኖ ከቆየ በቂ ነው።

ሰባተኛ እርምጃ፦ ለውጡን ይከታተሉ

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክብደትዎ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ሊጨምር ይችላል። ይህ ጭማሪ በአብዛኛው በጡንቻ ውስጥ የገባ ውኃ ነው፤ ስብም አይደለም፣ ገና ጡንቻም አልሆነም። ሚዛን ላይ ወጥተው የሚደነግጡ እህቶች አሉ፤ ክሪያቲን የሴትን ሰውነት የወንድ አያደርገውም፣ ሆርሞንም አይደለም፣ ጥንካሬን በመጨመር ረገድ ለእነርሱም ይሠራል። ዕድሜያቸው ከ55 በላይ የሆኑ ሰዎችም ብረት እያነሱ በቀን 3 ግራም ቢወስዱ የጡንቻቸውን ጥንካሬ እንደሚጨምር የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ተቀብሎታል፤ በዚህ ዕድሜ ግን አንደኛው እርምጃ ፈጽሞ መዘለል የለበትም።

ጡንቻ ያኮማትራል የሚለው ወሬ በስፖርተኞች ላይ በተደረጉ ክትትሎች አልተደገፈም። ፀጉር ያረግፋል የሚለው ደግሞ መነሻው እ.ኤ.አ. በ2009 በደቡብ አፍሪካ በጥቂት የራግቢ ተጫዋቾች ላይ የተደረገ ጥናት ነው፤ ጥናቱ ከፀጉር መርገፍ ጋር የሚያያዘው ዲኤችቲ የተባለው ሆርሞን ከፍ ማለቱን አሳየ እንጂ የማንንም ፀጉር አልለካም።

በየሳምንቱ አንድ ቀን ክብደትዎን፣ በየሥልጠናው ደግሞ ያነሱትን ይመዝግቡ። ፊት ወይም እግር ካበጠ፣ ሽንት ካነሰ ወይም አረፋ ከበዛበት ዱቄቱን አቁመው ወደ ሐኪም ይሂዱ። ተቅማጥና ትውከት ያለበት ሕመም ከያዘዎትም እስኪድኑ ድረስ ያቁሙ፤ ውኃ በጎደለበት ሰውነት ላይ ምንም ተጨማሪ ጫና መኖር የለበትም።

ስምንተኛ እርምጃ፦ በ12ኛው ሳምንት ይወስኑ

በዚህ ጊዜ የደም ምርመራ ያድርጉ፤ ክሪያቲን እንደሚወስዱና ብረት እንደሚያነሱ ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ። የክሪያቲኒን ቁጥሩ ከመነሻው ከፍ ብሎ ከተገኘ ዱቄቱን ለጥቂት ሳምንታት አቁሞ መልሶ መለካት፣ ወይም በሚገኝበት ቦታ ሲስታቲን ሲ የሚባለውን በጡንቻ ብዛት እምብዛም የማይነካ ምርመራ ማድረግ ይቻላል። ቁጥሩ ካቆሙ በኋላም ካልወረደ፣ ወይም በሽንት ውስጥ ፕሮቲን ከታየ፣ ጉዳዩ የሐኪም ክትትል ያስፈልገዋል።

ከዚያ ደብተርዎን ይክፈቱ። ድግግሞሹና ክብደቱ ከጨመረ፣ ሆድዎም ከተስማማው መቀጠል ይችላሉ፤ እየወሰዱ እያቋረጡ መሄድ አስፈላጊ አይደለም። ቢያቆሙ ክምችቱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል፣ የውኃው ክብደት ይወርዳል፣ በሥልጠና የገነቡት ጡንቻ ግን መሥራት ካላቆሙ ይቆያል። በየቀኑ ወስደው፣ በደንብ በልተውና አዘውትረው ሠርተው ምንም ለውጥ ካልታየ ግን ሌላ ዕቃ አይግዙ፤ ሰውነትዎ ከክሪያቲን ከማይጠቀሙት መካከል ሊሆን ይችላልና ገንዘቡን ለእንቁላልና ለዓሣ ያውሉት።